የእህቱ ደም ቆጠራ

የሆስፒታላችን የደም መርማሪ ስሙ ተረስቶ «ቆጣሪው» ተብሎ ቀርቷል። እኛ የካርድ ክፍል ሰዎች «መብራት የሚቆርጠው መጣ!» እያልን ስንቀልድበት ፈገግ እንኳ አይልም። ቁጥር ይፈራል። አትሳቁ። ዕድሜውን ሙሉ የደም ሴል ሲቆጥር የኖረ ሰው ሚሊዮን ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው። «እናንተ የምታውቁት ስሙን ነው፤ እኔ መልኩን አይቻለሁ» ይላል።

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቱ ትኩሳት አልለቅ ብሏት፣ ማንም ሳይነካት ገላዋ እየበለዘ መጣች። ደሟን መቁጠሪያ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባው ቁጥር አልሰጠም፤ «ከልክ በላይ» ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ሲሆን ደሙ በፈሳሽ ይቀጥንና በማይክሮስኮፕ፣ በእጅ ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ በቀጠነበት ልክ ይባዛል። አቀጠነው። ነጭ ሴሎቹ መስታወቱ ላይ ተደራርበው ዓይን ማሳረፊያ አሳጡት። በሁለተኛ ቱቦ እንደገና አሥር እጥፍ አቀጠነው። አሁን ተበተኑለት፤ ቆጥሮ ሲያሰላ አርባ ሁለት ሺህ ሆነ። ብዙ ነው፤ ግን ኢንፌክሽንም እዚህ ያደርሳል። በሩን ከፍቶ ኮሪደር ላይ ለተቀመጠችው እናቱ «እማዬ፣ በዛ ብሏል፤ ግን በመድኃኒት ይመለሳል!» አላት። እናት መሬት ስማ አመሰገነች።

ተመልሶ ዕቃውን ሊያጥብ ሲል ሁለተኛዋን ቱቦ አያት። ለካ ሁለቴ አቅጥኖ ያባዛው ለአንዱ ብቻ ነው! እንደገና በአሥር አባዛው። አራት መቶ ሃያ ሺህ፤ ያውም የመርፌ ጫፍ በምታህል ጠብታ ውስጥ። በሙሉ ሰውነቷ ስንት እንደሚሆን ሊያባዛ ጀምሮ፣ ዜሮው አላልቅ ሲለው እስክሪብቶውን እንደወረወረው ኋላ ነግሮኛል። የእኔ መስኮት ከደጃፉ ፊት ለፊት ነውና ሲወጣ አየሁት፤ አመድ መስሏል።

እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ነጭ ሴል እንዲህ ሲበዛ የታመመው ደሙ ራሱ እንደሆነ ነገራት።

«ቅድም እኮ ይመለሳል አልከኝ!»

«ተሳስቼ ነው፣ እማዬ። ብዛቱ አላስቆጥር ሲለኝ አቅጥኜው ነበር፤ ያነሰ የመሰለኝ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ እንደገና አቅጥነዋ!» እጁን ጨምድዳ ያዘችው። «ሥራህ አይደል እንዴ? አቅጥነው፣ የኔ ልጅ!»

«የማቀጥነው መስታወቱ ላይ ያለውን ነው» አላት፤ «እሷ ውስጥ ያለውን አይደለም።»