አክስት ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ሸማኔ

ጎረቤቴ ሸማኔ ነው፤ እኛ መወርወሪያው እንለዋለን። ወሬም ቢሆን ከጫፍ ጫፍ እንደሱ የሚያመላልስ የለም። በደጉ ዘመን እጁ ሲወረውር ዝንብ ድሩ ላይ ብታርፍ ተሸምና ነበር የምትወጣው።

ለዚያ ፍጥነት ግን ግማሹ የሰፈር ሴት እንዝርት ሲያሾር ይውል ነበር። ከፈታዮቹ ሁሉ የሚስቱን አክስት የሚስተካከል አልነበረም። የሳቸው ክር ከመቅጠኑ የተነሣ፣ መኖሩን የምናውቀው ጣታችንን ሲቆርጠን ነበር።

ከዚያ የፋብሪካ ክር መጣ። ርካሽ ነው፣ እኩል ነው፣ አያስጠብቅም። ሸማኔ ሁሉ ሰባ። መወርወሪያው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ለእግሩ ሁለተኛ ጫማ ገዛ፤ ሦስተኛ እግር የሚሸጥ ቢገኝ እሱንም ይገዛ ነበር። አንድ ቅዳሜ አክስትየው የሳምንት ፈትላቸውን በቅርጫት ይዘው ሲመጡ፣ ሸማኔው ሁሉ በተሰበሰበበት፦

«አክስቴ፣ እርስዎ አንድ ልቃቂት እስኪጨርሱ ፋብሪካው ባሕሩን ያለብሰዋል!» አላቸው።

ሳቅን። እኔማ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅኩት። እሳቸው ቅርጫቱን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ፋብሪካው ክር መሸጡ አልበቃ ብሎት ራሱ ይሸምን ጀመር። ጨርቁ በጋሪ እየተጫነ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ በመወርወሪያው ቤት ሥራ ያላት ሸረሪት ብቻ ሆነች። የሽመና ዕቃውን ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል አንድ የብርድ ልብስ ትእዛዝ መጣ። ያዘዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ የፋብሪካውን ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ! ለሕዝቡ የፋብሪካ፣ ለገላው የእጅ።

«ብርድ ልብሱ በእጅ የተፈተለ ይሁን» አለ ነጋዴው። «አንዲት የፋብሪካ ክር ካገኘሁበት አልወስድም።»

«ጌታዬ፣ የኔ ቤት ከእጅ ፈትል ሌላ መች ያውቅና!» ብሎ ማለ መወርወሪያው።

ፈታይ ፍለጋ ወጣ። ገሚሶቹ ፋብሪካ ገብተዋል፣ ገሚሶቹ የሰው ልብስ ያጥባሉ። እንዝርት ያልጣሉት አክስትየው ብቻ ናቸው። ሦስት ቀን በደጃፋቸው እየተመላለሰ ግድግዳውን ሰላም ሲል ከረመና፣ በአራተኛው ቀን እኔን ጎትቶ ሄደ።

«እንደምን ዋሉ፣ አክስቴ?»

«ደኅና። ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?»

«ክር... ትንሽ ክር ፈልጌ ነበር።»

«ፋብሪካው ጨረሰ እንዴ?»

እንዝርቱን አቀበሉት። «እንግዲህ ቁጭ በልና ፍተል።»

ደጃፉ ከሰፈሩ የውሃ ቧንቧ ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያ ክሩ በሬ ያስራል፤ ሁለተኛው ሳይጀመር ተበጠሰ። ወረፋ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ፦ «እናንተ፣ አዲሷ ፈታይ ጢም አላት!» ስትል፣ መወርወሪያው እስከ ጆሮው ቀላ።

«አክስቴ፣ ያን ቀን...» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ያን ቀን ምን?»

«በሰው ፊት አዋረድኩዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አልሰማሁም። ያን ቀን ጮክ ብለህ ነበር።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ቧንቧው ጋ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ አክስትየው አዩኝ።

«አንተስ? እጅህ ባዶ ነው፤ የጥጡን ፍሬ ልቀምልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ። እሳቸው እንዝርቱን ከእጁ ወሰዱ። «በዚህ አያያዝህ ብርድ ልብሱን የሚለብሰው የነጋዴው የልጅ ልጅ ነው። እኔ እፈትልልሃለሁ። አንተ ግን በየጠዋቱ እዚሁ ደጃፍ ተቀምጠህ ባዘቶ ታቀብለኛለህ።»

«እሺ» አለ፤ ድምፁ ከክሩ ይቀጥን ነበር።

ወሩን ሙሉ ተቀመጠ፤ ብርድ ልብሱም ደረሰ። እሱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታውን ተናግሯል። እኔ ያን ዕለት ፍሬዬን ለቅሜ፣ «ደኅና ይዋሉ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። ዛሬም ወደ ቡና ቤት የምሄደው በሳቸው ደጃፍ ላለማለፍ በሌላኛው መንገድ ዞሬ ነው።