የአየርላንድ ጅን በካዛንቺስ

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ባምቢስ አካባቢ፣ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ከሚያከራይ ሰውዬ አንድ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብወለድ ተከራየሁ። አፍቃሪው ፌሪ የሚባል ፍጡር ነው፤ ሰው ይመስላል፣ ሰው ግን አይደለም፣ ክንፍ አለው፣ መልኩማ አይነሳ! ጀርባው ላይ «ከጥንታዊ የአየርላንድ ተረት የተቀዳ» ይላል። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለእናቴ ተረኩላት። ምን አፌን አስከፈተኝ!

«ጅን ነዋ! ወላሂ፣ ጅን የሚያፈቅር መጽሐፍ ቤቴ አያድርም!» አለች። ወሎ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ግማሹ ላይ ደርሼ ልመልሰው? ሞቼ እገኛለሁ! «እማ፣ በቃ ደራሲዋ የፈጠረችው ነው» ብዬ ተሟገትኩ። ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ አየርላንዳዊት አስተማሪ ተከራይተው ይኖሩ ነበርና እሳቸው ይፍረዱን ተባባልን።

እናቴ የልብስ ሳፋዋን እንደያዘች ደጃቸው ቆምን፣ እኔ አስተርጓሚ። ሴትዮዋ ሳቁ። ክንፉም መሳሳሙም የደራሲዎች ፈጠራ ነው አሉ። ጮቤ ረገጥኩ! እሳቸው ግን ቀጠሉ። የእውነተኛ ተረቶቹ ፌሪዎች ስማቸው እንኳ አይጠራም፤ የሴትዮዋ አያት ደጅ ውሃ ሲደፉ ፌሪዎቹን እንዳያርሷቸው አስቀድመው «ተጠንቀቁ!» ብለው ይጮሁ ነበር። ሴት የሚያማልል መልከ መልካም ፌሪም በተረቱ አለ፤ እሱን ያፈቀረች ልጅ ግን መንምና ትሞታለች።

ይህችን መዝለል እችል ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ እናቴም እኮ «ቢስሚላህ» ሳትል ውሃ ደፍታ አታውቅም፣ ያውም በዚሁ ምክንያት! በደስታ እየተንተባተብኩ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት።

ሳፋውን መሬት አስቀመጠች። «አላልኩሽም? የእኛዎቹ ናቸው!» ብላ ሴትዮዋን እንደ እህቷ አቀፈቻቸው። ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ። ልቤ ስብር አለ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ግን ዞር አለች።

«ልጅቷስ? መጨረሻ ላይ ሞተች?»

የመጨረሻውን ገጽ ሰርቄ አይቼው ነበር። «ኧረ ተጋቡ! መንታ ወለዱ።»

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጅን አግብታ መንታ? በይ እንኪ፣ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ሰው አይለክፍም» አለችና ሳፋዋ አጠገብ ቁጭ አለች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ እየተረጎምሽ አንብቢልኝ።»