የአሱንታ ብርድ ልብስ

ሀስታቢር ካርኪ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ምሏል። የመጀመሪያውን መሐላ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጠመንጃ ሲረከብ ማለ፤ ጠበቀውም። ለዚህ ግራ ጉልበቱ ምስክር ነው፤ በውስጡ የቀረው ብረት ዝናብ ከመምጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይነግረዋል። ሁለተኛውን የማለው ከጦርነቱ ሲመለስ፣ ጥቁሩን ውኃ፣ ባሕሩን፣ ተሻግሮ የመጣ ሰው ሁሉ በሚቆምበት በካህኑ ፊት ነበር። «በባዕድ አገር ክልክል አልቀመስሁም» አለ። ካህኑ የመንጻቱን ውኃ ረጨው፤ ስሙን በመንጻት ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠውና ወደ ወገኑ ማዕድ መለሰው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በቀርከሃ ቀፎ ውስጥ ተጠቅልሎ ከጣራው ሥር ተሰክቷል። መሐላው ግን ሐሰት ነበር።

ይህን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በአገሩ በፓልፓ ተራሮች ላይ እርከን ሠራ፣ ሩዝ ተከለ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ አንዲት ልጁን ሄምኩማሪን አሳደገ። ከጦር የተመለሱት እኩዮቹ ገበያ ዳር በሻይ ቤቱ ተሰብስበው በካይሮ ስለበሉት ዓሣ፣ በናፖሊ ስለጠጡት ወይን ሲያወጉ እርሱ አንድ ቀን እንኳ አብሯቸው አልተቀመጠም። የመንደሩ ሰው ይህን ኩራት ነው አለው። ኩራት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ዛሬ በዚህ ፍርሃት ላይ ሌላ ተጨምሯል። ሄምኩማሪን ለልጁ የጠየቀው ጋጄንድራ ኩንዋር ከማለዳ ጀምሮ በደጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋጄንድራ በዚህ ቤት ምድጃ የተቀቀለውን ሩዝ ከበላ ጋብቻው ጸና፤ ካልበላ ደግሞ ምንም ቃል ቢለዋወጡ ጋብቻ የለም። ከማን እጅ ሩዝ እንደሚበላ የማይመረምር ሰው በእነርሱ ዘንድ ወገን የለውም፤ ጋጄንድራም ከመርማሪዎቹ ሁሉ ጥብቁ ነው። ከጓዳ የሩዙ ማሰሮ ክዳን መንጫጫት ጀምሯል።

ሩድራማን ባስኔት የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ማንም አልጠራውም። ቆቡን ወደ ማጅራቱ ገፍቶ፣ ላቡን እየጠረገ ዳገቱን ጨረሰና ከደጃፉ ጀምሮ መጮኽ ጀመረ።

«አንተ ዱዳ! ልጅ ስትድር እንኳ አትጠራኝም?»

ሀስታቢር ብድግ አለ። «መንገዱ ይርቅሃል ብዬ ነው።»

«ይርቅሃል ይለኛል! ጉልበትህን ሲመቱህ ያን ሁሉ ገደል በጀርባዬ ያወረድሁህ ሰውዬ ሦስት ኮረብታ ይርቀኛል? እንደ ዛሬ እንኳ አልከበድህም፤ አጥንት ብቻ ነበርህ።» ምላሽ ሳይጠብቅ ከጋጄንድራ አጠገብ ተቀመጠ። «አንቱ የልጁ አባት ነዎት አይደል? ይሄ ሰው ጣልያን አገር ምግብ ቤት ገብቶ ያደረገውን ነግሮዎታል?»

«የጦሩን ነገር አንስቶልኝ አያውቅም» አለ ጋጄንድራ።

«ሩድራማን፣ አሁን ተወው፤ ሩዙ ሊደርስ ነው።»

«እስኪደርስ ነው እኮ! ሙሽራዋም ትስማ።»

ሀስታቢር ሊያስቆመው አልቻለም። አብዝቶ ቢከለክል ደግሞ ጋጄንድራ የሚከለከለው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አኖረ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከተራራው አልወረድንም» አለ ሩድራማን። «ደረቅ ብስኩትና የዝናብ ውኃ ብቻ። በአሥረኛው ቀን ፈቃድ ሰጡንና ወደ ታች ከተማ ወረድን። አሱንታ የምትባል አሮጊት ግማሽ ጣራው የፈረሰ ምግብ ቤት አላት። ወንበር! ጠረጴዛ! ነጭ ጨርቅ! እኔ እንደ ጄኔራል ቁጭ አልሁ። ሩዝ ይዛ ስትመጣ አየን። ታዲያ ይሄ አማችዎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጫማውን አወለቀ። ቆቡን አወለቀ። ሸሚዙን፣ ካናቴራውን! በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ደረቱን ገልጦ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ!»

ጋጄንድራ አልሳቀም። «ምኑ ያስቃል? ሩዝ የሚበላው እንዲያ ነው። በጦር ሜዳም ሥርዓቱን ጠብቋል ማለት ነው።» ሀስታቢርን በአዲስ ዓይን አየው፤ አክብሮት ያለበት ዓይን ነበር።

«ቆይ እንጂ! አሱንታ ወባ የያዘው መስሏት ኡኡ አለች። ሮጣ ብርድ ልብስ አመጣችና እስከ ጆሮው ጠቀለለችው። እሱ ይጥለዋል፣ እሷ ትጠቀልለዋለች። እሱ ይጥላል፣ እሷ ትጠቀልላለች። ጀርመን ያላሸነፈውን ሰውዬ አንዲት አሮጊት አሸነፈችው! ብርድ ልብሱን እንደ ሙሽራ ተከናንቦ በላ።»

አሁን ጋጄንድራም ሳቀ። ከጓዳ የሄምኩማሪ ሳቅ ተሰማ። ሩድራማን ይህን ታሪክ በየሻይ ቤቱ ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሀስታቢርም ይህን ከሌሎች ስለሰማ ትንፋሹን ለቀቀ።

ጋጄንድራ እጁን ሊታጠብ ብድግ አለ። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ሁለተኛውንም ፈታ። ከዚያ ጣቱ በሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ሩዙ ግን በምን ቀረበላችሁ?»

«በሥጋ ነዋ! ቀይ ወጥ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ አልበላሁም።»

«የምን ሥጋ?»

«የፍየል።»

«ፍየል መሆኑን በምን ዐወቁ? ጭንቅላቱን አይተዋል?»

ሩድራማን ፊቱ ቀላ። «ይሄ ሰው ጓሮ ሊታጠብ ወጥቶ አይቷል። ‹ምንድን ነው?› አልሁት፤ ‹ፍየል ነው› አለኝ። አለቀ! አንቱ እኛን ምን አድርገው ነው የቆጠሩን?»

«መጠየቅ ደንብ ነው።»

«እንግዲያውስ ደንቡን እስከ መጨረሻው እናድርሰው!» ሩድራማን ተነሣ። «ሄምኩማሪ! የመዳብ ማሰሮና አንድ ቅጠል ቱልሲ አምጪልኝ! በአንድ ልጄ ራስ እምላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቀኝም።»

ልጅቱ ማሰሮውን አመጣች። ቅጠሉን በደጁ ከተተከለው ቅዱስ ተክል ቀጥፋ ውኃው ላይ ጣለችው። መዳብና ቱልሲ ይዞ በሐሰት የማለ ሰው ቅጣቱ በራሱ ላይ አይቆምም፤ ስሙን ወደ ጠራው ልጅ ይሻገራል። በዚያ ተራራ ይህን የሚጠራጠር አልነበረም፤ ሀስታቢርም አይጠራጠርም።

ጓሮውን አሁንም ያየዋል። የጉድጓዱ አፍ ተሰብሮ ነበር። አጥሩ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ቀይ ቆዳ ተሰቅሏል፤ ሰፊ ነው፣ የፍየል ሊሆን አይችልም። ከሥሩ የተሰነጠቀ ትልቅ ሰኮና ወድቋል። መድፍ የገደለው የእርሻ በሬ ይሁን ወይም ላም አልለየም፤ መለየቱም የሚለውጠው ነገር አልነበረም፤ የሁለቱም ሥጋ በወገኑ ዘንድ ከክልክል ሁሉ የከፋው፣ በዳኛም የሚያስቀጣ ነው። ሲመለስ ሩድራማን ሹካውን መያዝ አቅቶት ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። «ፍየል ነው» አለው። ያን ቃል ለወዳጁ ብሎ ይናገረው ወይስ ለገዛ ሆዱ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ራሱን መርምሮ ሊወስን አልቻለም።

የሩድራማን ቀኝ እጅ ወደ ማሰሮው ተዘረጋ። ሀስታቢር ወደ ልጁ አየ። ለዚህ ቀን የሰፋችውን ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። ዝም ቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ ትዳሯ ይጸናል፤ ከተናገረ ደግሞ ከዚያ በኋላ የማን ልጅ እንደሆነች የሰማ ሰው ለጋብቻ አይጠይቃትም።

የወዳጁን ክንድ ያዘ።

«አትማል።»

«ልቀቀኝ፤ እውነት ለመማል ምን...»

«እውነት አይደለም። ፍየል አልነበረም። ቆዳውን አይቻለሁ።»

ከጓዳ የሩዙ ማሰሮ ክዳን ይንጫጫል።

ጋጄንድራ ከማለዳ ጀምሮ ሀስታቢርን አንቱ ሲል ነበር። «አውቀህ?» አለ አሁን።

«አውቄ።»

ጋጄንድራ የፈታቸውን ሁለት ቁልፎች ቆለፈ። ወደ ሩድራማን ዞሮ «አንቱ ባለማወቅ ነው የበሉት፤ ካህን ዘንድ ሄደው ይነጻሉ» አለ። «ለእርሱ መንጻት የለም።» ወደ ሀስታቢር ዞረ። «ለዳኛ አልናገርም፤ ዛሬም እዚህ እንዳልመጣሁ ይቆጠር። ነገር ግን እጄን በሩዝህ ውስጥ አልከትም።» ዘንጉን አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ፤ እርምጃውን አላፈጠነም።

ሩድራማን እጁን ገልብጦ አየው። «እናቴ ስትሞት ውኃ ያጠጣኋት በዚህ እጅ ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የአንተስ?»

«የእኔም።»

ሩድራማን ቆቡን አጥልቆ ወደ ደጁ ሄደ። ሀስታቢር አልጠራውም። ሄምኩማሪ ሩዙን በናስ ሳህን ይዛ ወጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠችው። ዓይኖቿ ደርቀዋል። በሕፃንነቷ የመጀመሪያዋን ሩዝ ያጎረሳት ይኸው ሰው ነው።

«አባዬ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ከደጁ የጫማ ድምፅ ተመለሰ። ሩድራማን ምንጣፉ ዳር ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ጫማውን አወለቀ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ሸሚዙን በራሱ ላይ አሳልፎ ወረወረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሀስታቢር። «ዛሬ አውቀህ ከእኔ ጋር ከበላህ ካህኑ አይቀበልህም።»

«ያን ጊዜ አንተ መረጥህልኝ። ይቅር አላልሁህም፤ እንዳይመስልህ። የዛሬውን ግን ራሴ ልምረጥ።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ሁለተኛ ሳህን አምጪ፣ ልጄ። ብርድ ልብስ ግን እንዳታመጪብኝ።»

ሀስታቢር የሸሚዙን ቁልፍ ለመፍታት ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። ሄምኩማሪ ሳህኑን አኖረችና ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችለት።