አያ እንግዳ ከመጽሐፍ ጋር ሲከራከሩ

ባለፈው ሰኞ ለልጄ እርሳስ ስቀርጽ ነው የመጣብኝ። አንደኛ ክፍል ከገባች ወዲህ የጠፋባትን መቅረጫ ቁጥር አላውቀውም። «ኢማ፣ እማ፣ ያላ ቶሎ፣ በቢላ ቅረጪልኝ» አለችኝና ወጥ ቤት ቆሜ መላጥ ጀመርኩ። የእንጨቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ቀጥ አለ። ሰው ሽቶ ይሸታል፣ ሲጋራ ይሸታል፤ አያ እንግዳ ግን የተቀረጸ እርሳስ ነበር የሚሸቱት። «ማ ካራ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ ልጄ። ምንም አልሆንኩም፣ አንድ ጎረቤታችን ትዝ ብለውኝ ነው አልኳት።

አያ እንግዳ እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ክፋር አቭራሃም ሰፈር ውስጥ ከእኛ አንድ ፎቅ በታች ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ገና አገር ቤት ሳሉ ሞተውባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ቀን ቀን ኪርያት አርዬ የአንድ ፋብሪካ በር ጠባቂ፣ ሾሜር ናቸው። ሰማያዊ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ የመኪና ታርጋ የሚመዘግቡበት እስክሪብቶና ጣት የምታህል እርሳስ። እስክሪብቶው የሥራ ነው። እርሳሷ ግን የራሳቸው ናት፤ በኪስ ቢላቸው እየቀረጹ፣ ፍቅፋቂውን በመዳፋቸው ሰብስበው፣ መጽሐፍ ያነቡባታል። አዎ፣ መጽሐፍ በእርሳስ ነበር የሚያነቡት። ያለ እርሳስ ማንበብ ለእሳቸው እየሰሙ ዝም እንደማለት ነበር፣ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንላቸውም።

ሥራ በማይገቡበት ቀን አውቶቡስ ይሳፈሩና ቴል አቪቭ ይሄዳሉ። እዚያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥባቸው የእኛ ሰዎች ሱቆች አሉ፤ ከጤፉ ከረጢት ጀርባ የአማርኛ መጽሐፍ ይደረደራል። ሌላው ሰው ልብ ወለድ ይገዛል። እሳቸው የሚገዙት የክርስቲያኖችን ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ሥጋዌ፣ ስለ ጸጋ የተጻፉ፣ ለበር ማቆሚያ የሚሆኑ ወፋፍራም መጻሕፍት። የአይሁድ ቆብ፣ ኪፓ፣ ከራሳቸው የማይለይ፣ ቅዳሜ ምኩራብ ከማንም ቀድመው የሚገኙ ሰው! ቤት ሲደርሱ ሽፋኑን በዕብራይስጥ ጋዜጣ ይለብጡታል። ለምን እንደሚለብጡት አልጠየቅኋቸውም፣ መጽሐፉ እንዳይቆሽሽ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ቀጥታ ጠየቀቻቸው። «አያ እንግዳ፣ እርስዎ የቤተ እስራኤል ልጅ፣ ይሄን ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለቻቸው።

«እንዴ፣ ክርስቲያኖቹ አርባ ዓመት ጎረቤቶቼ ነበሩ እኮ!» አሉ። «በሬ ተዋውሰናል፣ ሲሞቱ አልቅሻለሁ፣ ሲያገቡ ሠርጋቸው ላይ ቆሜያለሁ። ሥጋቸውን አልበላም፣ ሥጋዬን አይበሉም። ስለ እኛ የሚያወሩት፣ ‹ቡዳ ናቸው› የሚሉት፣ ውሸት ነበር፣ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኛስ ስለ እነሱ የምናወራው? አንድ ቀን እንኳ ‹የምታምኑት ምንድን ነው?› ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን እጠይቃለሁ። እነሱን አጣሁ፣ መጽሐፋቸውን እጠይቃለሁ።»

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤት የዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፤ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት ሀ፣ ሁ። እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስጽፍ እሳቸው ያነባሉ፣ ማለቴ ይጣላሉ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በል እንጂ!» ይሉታል መጽሐፉን። ከዚያ እርሳሷን ምራቅ አስነክተው ዳር ላይ ይጽፋሉ። እኔም ከትከሻቸው በላይ ተንጠልጥዬ ያንን ማንበብ ነበር ሥራዬ። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከታተመው ሳይሆን ከዳሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ሥላሴ የሚያወራው ወፍራሙ መጽሐፍ ዳር ዳሩ ሞልቶ ነበር። መጀመሪያው ላይ «ትላንት አንድ ነው አላልክም?» ይላል። ትንሽ አለፍ ብሎ «ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለጸሐፊውም የገባው አልመሰለኝም።» ሌላ ቦታ «ወይ ጉድ! ይሄ መልስ ነው ወይስ መሸሻ?» ስለ ጸጋ በሚናገረው ምዕራፍ አናት ላይ «ጥሩ ነው። ግን ሰነፍ እንዳይሰማ።» ፈጣሪ ሰው ሆኖ በከብቶች በረት ተወለደ በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ጽፈው ነበር፤ «ይህን አላምንም። ግን ይህን ያለው ሰው በረት የሚያውቅ ሰው ነው።» አንዳንዴም «ይህን እኛም እንላለን» የምትል አጭር መስመር ትገኛለች፤ ያቺን ሲጽፉ ፊታቸው ላይ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው የመሰለ ነገር አይ ነበር።

አንድ ገጽ ግን ከሁሉም ይለያል። ጫፉን አጥፈውታል። እዚያ ላይ መጽሐፉ የሚለው፣ ፈጣሪ ሰው ታጥቦ እስኪነጻ ቆሞ አይጠብቅም፣ ባለበት ቦታ ወርዶ ይፈልገዋል ነው። አያ እንግዳ ያንን ጮክ ብለው አነበቡልኝና ዝም አሉ። እኔ ልጅ ብሆንም ዝም ማለታቸው ገረመኝ። በእኛ ዘንድ መንጻት ቀላል ነገር አይደለም፤ በድሮው አገር ሌላ ሰው የነካው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዳር ላይ «ይህስ ደግ ቃል ነው። እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ» ብለው ጻፉ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። አሥር ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የሾራሺም፣ የሥር መሠረት ቀን ይከበራል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአያቶቹ ቤት አንድ ዕቃ አምጥቶ የዘሩን ታሪክ ያወራል። የሞሮኮዎቹ ልጆች የመዳብ ሳህን አመጡ፣ የሩሲያዎቹ ሜዳሊያ። እኔ አያት የለኝም፣ እቤታችንም ያለው ሁሉ ከፔታ ቲክቫ ገበያ የተገዛ ነው። የአያ እንግዳ ቁልፍ እኛ ዘንድ ይቀመጥ ስለነበር፣ ሥራ ሄደው ሳለ ገብቼ ወፍራሙን መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። በዓል ሲሆን ቄስ ምናሴ፣ የሰፈራችን የቤተ እስራኤል ቄስ፣ ከነጭ ጨርቅ ፈተው የሚያወጡት ኦሪት በዚህ ፊደል ነው የተጻፈው፣ በግዕዝ። በልጅ አእምሮዬ በዚህ ፊደል ተጽፎ በክብር የተለበጠ መጽሐፍ ሁሉ ኦሪት ነበር። ዳር ላይ የሚጣሉትስ? ሰው ከኦሪት ጋር አይከራከርም ያለኝ ማንም አልነበረም!

መምህሯ ደስታዋን አልቻለችውም። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ከጸሎት መጽሐፉ ጎን አስቀመጠችው። ልጆቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ሳሙት፣ የሥላሴን መጽሐፍ! እኔ አጠገቡ ቆሜ «በቀስታ፣ በቀስታ» እያልኩ አዛለሁ። ከዚያ አማርኛ የምታነብ የአንድ ልጅ እናት መጣች፣ ሳመችው፣ ከፈተችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ዘጋችውና «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ በአማርኛ፣ ሌላው እንዳይሰማ። እኔም በኩራት፣ የጎረቤታችን የአያ እንግዳ ነው አልኳት።

እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ስልክ ላይ ስልክ። «እንግዳ ሃይማኖቱን ለወጠ።» ይሄ ወሬ ለሌላ ሰው ወሬ ነው፤ ለአያ እንግዳ ግን እህታቸው ናት። ታናሽ እህታቸው ይታይሽ ከነልጆቿ ጎንደር ቁጭ ብላ ስንት ዓመት ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ ትጠብቃለች። ዘራቸውን ከድሮ የሚያውቁት ቄስ ምናሴ «የእኛው ናቸው» ብለው ደብዳቤ ሊጽፉላት ቃል ገብተው ነበር። ወንድሟ ከድቷል ከተባለ ያ ደብዳቤ አይጻፍም። ያለ ደብዳቤው ደግሞ አትመጣም።

ማታውኑ መጽሐፉን ይዤ እያለቀስኩ ወረድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፈርተው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ሮብ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አሉኝ። «ቄሱም ይመጣሉ። በሰደር፣ ደግ ነው፣ ይምጡ።» በሰደር ያሉት ለእኔ ብለው ነው እንጂ ምንም በሰደር የሆነ ነገር አልነበረም።

እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰማኋት፤ «ተከራክሮበት ከሆነስ ደግ፣ አንዲት ምስጋና ከተገኘበት ግን አለቀለት።» እኔ ደግሞ ምስጋናዋ የት እንዳለች አውቃለሁ። ሮብ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሳቸው ወንበር ሊዋሱ እኛ ቤት ወጥተው ሳለ ገባሁ፣ የታጠፈችውን ገጽ ከፈትኩ፣ ላጲሴን አወጣሁ። ወረቀቱ እስኪሻክር ፈተግኩት። ዳንኩ አልኩ፣ አዳንኳቸው አልኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ መሐል ላይ ቄስ ምናሴ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። አያ እንግዳ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው የታተመውን ዘለው ዳር ዳሩን ማንበብ ጀመሩ፣ ጮክ ብለው። «ትላንት አንድ ነው አላልክም?» አንደኛው ሽማግሌ ሳል አፈናቸው። «ለጸሐፊውም የገባው አልመሰለኝም።» ሁለተኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሰነፍ እንዳይሰማ» ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ሳቁ፣ ቄሱ ራሳቸው ሳይቀሩ፣ እኔም ሻዩን አፈሰስኩት። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቄሱ ግን መግለጣቸውን አልተዉም፤ ጫፏ የታጠፈችው ገጽ ላይ ደረሱ። ጣታቸውን የሻከረው ወረቀት ላይ አሳለፉና «እዚህ ምን ነበር?» አሉ።

አያ እንግዳ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። የላጲሱ ፍርፋሪ አሁንም ቀሚሴ ላይ ነበር። «ምንም» ቢሉ ይበቃ ነበር፤ በልቤ ምንም በሉ፣ ምንም በሉ እያልኩ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱ። እርሳሷን አላወጡም፤ እስክሪብቶውን አወጡ። መጽሐፉን ከቄሱ ተቀብለው፣ ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው እዚያው ቦታ ላይ ጻፉና አነበቡላቸው፤ «ይህስ ደግ ቃል ነው። እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ።»

«አመሰገንከው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ሳቃቸው ጠፍቶ።

«አዎ። ያልመሰለኝን አልመሰለኝም ብያለሁ። ደግ የመሰለኝን ምን ልበለው? ልዋሽ?» አሉ አያ እንግዳ። «እህቴን አትርሱብኝ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።»

ቄስ ምናሴ መጽሐፉን ዘግተው «እስከ ሰንበት ላቆየው» አሉ። በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። በሩ ሲዘጋ እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። አያ እንግዳ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው፣ «ለእኔ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለተኛ ግን ላጲስሽን ለሒሳብ ደብተርሽ አድርጊው» አሉኝ።

ሰንበት አለፈ። መጽሐፉ ተመልሶ መጣ፣ ከውስጡ ደብዳቤው አለበት። ቄሱ ከዚያ በኋላ ስለዚያ መጽሐፍ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም፣ ሰፈሩም ደከመውና ዝም አለ። ይታይሽም ብትዘገይም መጣች። የደብዳቤውን ቅጂ መስታወት ውስጥ አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው፤ ዛሬም እዚያው ነው። በቄሱ ቀጭን የቁም ጽሕፈት፣ ድሮ ብራና ላይ እንደሚጻፈው፣ «የእኛው ናቸው» ይላል። አያ እንግዳ የዛሬ አራት ዓመት ሲያርፉ፣ ሐዘኑ ካለቀ በኋላ ይታይሽ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አሸክማኝ «ላንቺ ነው ብሏል» አለችኝ። ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። እኔ አሁን ኪርያት አርዬ እሠራለሁ፣ የእሳቸው ፋብሪካ ፈርሶ የመስታወት ሕንፃ በቆመበት አጠገብ በባቡር አልፋለሁ፤ ካርቶኑን ግን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኞ ዕለት እርሳሱን ለልጄ ሰጥቼ ካርቶኑን አወረድኩት። ወፍራሙ መጽሐፍ ከላይ ነበር፣ ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል። ጫፏ የታጠፈችውን ገጽ ገለጥኩ። የእኔ ላጲስ ያሻከረው ቦታ አለ። በላዩ ላይ የእስክሪብቶው ጽሕፈት፣ «እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ» የሚለው፣ አለ። ከሥሩ ደግሞ በሌላ እጅ፣ በጣም ቀጭን በሆነ እርሳስ፣ በዚያ የይታይሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ በማውቀው የቁም ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል አለች።

«እኔም።»

አያ እንግዳ መጽሐፉን በተቀበሉበት ቀን ሳያዩት አልቀሩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም፤ የሰው ምስጢር ነዋ። ልጄ መጥታ በትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለችና ጣቷን ቃሏ ላይ አድርጋ «እዚህ ምን ይላል?» አለችኝ። የአማርኛ ፊደል አታውቅም። አጠገቤ አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀመርን።