የታሸገውን ፖስታ የከፈትኩት እኔ ነኝ

መርዶው የደረሰኝ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የእድራችን ሰዎች ካዛንቺስ ያለችው ቤቴ በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ማንም ቀድሞ መናገር አልፈለገም... «ናቲ ነው?» ብዬ የጠየቅኳቸው እኔው ነኝ።

ልጄ ናትናኤል ክፍለ ሀገር ሦስት ዓመት ሕግ ተምሯል። እኔ ስታመም ትቶ መጣና እዚሁ ሰፈራችን ባለ የሕግ ትምህርት ቤት ሊቀጥል ፈለገ። የተማራቸው ኮርሶች እንዲቆጠሩለት ግን የድሮው ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ መላክ ነበረበት። «እማ፣ ያ ወረቀት ካልመጣ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ልጀምር ነው» ይለኝ ነበር። ያን ሳምንት «ወረቀት ላመጣ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ተገለበጠ።

ፖሊስ ቦርሳውን ሲያስረክበኝ ያለውን ሁሉ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። አንድ ሹራብ፣ አንድ ቻርጀር፣ አንድ ቡናማ ፖስታ የታሸገ። ሹራቡን ለቅሶ የመጡ ሴቶች አጠቡት፤ ጠረኑን አጠፋችሁብኝ ብዬ አለቀስኩ። ፖስታውን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። በላዩ የአዲሱ ትምህርት ቤት አድራሻ እንጂ የሰው ስም የለበትም። የልጄ ሦስት ዓመት እዚህ ውስጥ አለ ብዬ ራስጌዬ አስቀመጥኩት።

አርባው ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ መጣች። ሃያት እንደምትባል፣ ክፍለ ሀገር ከናቲ ጋር አንድ ክፍል እንደነበረች ነገረችኝና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ...

«እናቴ፣ ቦርሳው ውስጥ ፖስታ አልነበረም?»

ዓይኔ ወደ ራስጌዬ ሄደ። ጎረቤቴ እትዬ በለጡም እዚያው ተቀምጠው ነበር። በመጠርጠር እሳቸውን የሚቀድም የለም።

«የሟች ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አሏት።

«የሱ አይደለም፣ የኔ ነው። እኔም እሱ ወደገባበት ትምህርት ቤት ልዛወር ነበር። የሱ ቀደም ብሎ በፖስታ ቤት ገብቶለታል። እኔ ስታዲየም ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ። በቃ፣ ውክልና ጽፌ ሰጠሁትና ለኔ ሊያመጣልኝ ሄደ። ምዝገባው ደግሞ አርብ ያልቃል...»

እትዬ በለጡ ወደኔ ዞሩ። «ሰማሽ ጥሩነሽ? ዘንድሮ በሰው ስም የሚመረቅ ሞልቷል። ሟች እንደሆነ ተነስቶ አይከስ!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ሴት ነኝ! ናትናኤል ተብዬ ልመረቅ ነው?»

«አሁን በኮምፒውተር የማይሠራ ነገር የለም» አሉ እሳቸው።

እኔም አላመንኳት። እውነቷን ከሆነ ልጄ የሞተው በሌላ ሰው ወረቀት ነዋ... ያን መስማት አልፈለግኩም።

«እጮኛው ነበርሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም። ደብተር እንዋዋስ ነበር።»

ፖስታውን አወጣሁት። በሁለት እጇ ልትቀበለኝ ተነሳች። እኔ ግን «የማን እንደሆነ አሁን እናያለን» ብዬ ማኅተሙ ላይ ቀደድኩት።

«ወይኔ እናቴ! አይከፈትም!» ብላ ጮኸች... አልደረሰችም።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ፣ ስም ማንበብ አያቅተኝም። ስሙ የሷ ነው። ፎቶውም የሷ ነው። ደጋግሜ ገለበጥኩት፤ የናቲ ስም ከኋላውም የለም።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እሽጉ ከተነካ አይቀበሉም። ማርኩን ቀይራው ይሆናል ይላሉ» አለችኝ። አልተቆጣችም... ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ በለጡ «ድስት ጥጄ መጥቼ እኮ ነው» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ልጅቷን ይዤ ትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ የተቀደደውን ፖስታ ገለባብጣ አየችው።

«እማማ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ሌላ ሰው ከፈተብኝ ነው የሚለው» አለችኝ። እኔ ትናንት ሃያትን ባየሁበት ዓይን ነው የምታየኝ።

የፖሊሱን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ ቡናማ ፖስታ የታሸገ፣ ይላል። የልጄን ስም አነበበች። ተነስታ አንድ ፋይል ይዛ ተመለሰች።

«የሱን እኮ ተቀብለነው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኮርሶቹ ተቆጥረውለት አራተኛ ዓመት ተመድቦ ነበር።»

ልጅቷ እውነቷን ነው። ናቲ ለራሱ የሚያመጣው ነገር አልነበረውም።

ሴትዮዋ ፖስታውን አልተቀበለችም፤ ደንብ ነው አለች። ግን ሌላ የታሸገ እስኪላክ ሃያት እንድትመዘገብ፣ እኔ ደግሞ የሆነውን ጽፌ እንድፈርም ነገረችኝና ነጭ ወረቀት ሰጠችኝ። «ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልነካችውም። ተጠራጥሬ ነው።» ይቺን ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች አንዳቸውም ቶሎ በይ አላሉኝም። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከደብዳቤ ሌላ ነገር የጻፍኩት ያን ቀን ነው፤ ይሄ አሁን የምታነቡት ሁለተኛዬ መሆኑ ነው።

ሌላው ፖስታ በወሩ መጣ። ሃያት አሁን አምስተኛ ዓመት ገብታለች። ፈተና ሲደርስ ትደውልና «እናቴ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» ትለኛለች። አደርግላታለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ስልኩ ላይ ስሟን ሳይ፣ ራሷ ሄዳ ቢሆን ኖሮ... እላለሁ። ከዚያ ይቅር በለኝ ብዬ ኡራኤል ደጅ እቆማለሁ።

ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። እባካችሁ በየእምነታችሁ ለነፍሱ ጸልዩልኝ... የሰው አደራ ይዞ ነው መንገድ የቀረው።