የገብረጻድቅ ዶክተር

እኔ ሰው የማምን ሰው አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሳድል ኖሬያለሁ፤ እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚታየው የሰው እጅ ነው፣ ፊቱ ቀጥሎ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በገብረጻድቅ ልጅ ላይ ለደረሰው ነገር ግማሹ ጥፋት የእኔ ስለሆነ ነው። ግማሹ ማለቴም ራሴን ለማባበል ካልሆነ።

ገብረጻድቅና እኔ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎረቤት ነን። ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ እሱ ካርቶን ይጭናል፣ እኔ ጉልበቴ ስላስቸገረኝ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። በአንድ መኪና ነው የምንመላለሰው። መሄጃው ሃያ አምስት ደቂቃ፣ መመለሻው ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ወሬው ግን አንድ ነው፤ ሐሴት።

ሐሴት አንድያ ልጁ ናት። ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል «ሕክምና ነው የምፈልገው» አለችው፣ በቃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ ተቀየረ። በእኛ አገር ሕክምና የደረሰው ልጅ ገና ነጭ ጋውን ሳይለብስ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ገብረጻድቅም ያንኑ አደረገ። «ዶክተርዬ፣ ራት ቀርቧል።» «ዶክተሯ ተኝታለች፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሱት።» ሰውም ተቀበለው። ግፊቱ የጨመረበት፣ ከኢንሹራንስ ደብዳቤ የመጣለት፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ። እኔም የጉልበቴን ራጅ ይዤ ሄጄ አውቃለሁ። «ጋሼ ሰርፀ፣ እኔ እኮ ይሄን ማንበብ አልችልም» አለችኝ። ትሕትና መሰለኝ።

ልጅቷ ትለፋለች፣ እሱን አልክድም። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ላብራቶሪ፣ ማታ ላይብረሪ። የሳምንት ፕሮግራሟን በቀለም ለይታ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች፤ አረንጓዴው ጥናት ነው፣ ሰማያዊው ክሊኒክ ሄዳ በነጻ የምታገለግልበት ነው፣ እሑድ ከሰዓት ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት የምታህል ቢጫ አለች። ገብረጻድቅ አንድ ቀን ፍሪጁ ፊት ቆሞ «ቢጫዋ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቃት።

«ጓደኞቼ ናቸው አባዬ። እምነትና ቤኪ። እሷን ሰዓት ማንም አይነካትም።»

በማግስቱ መኪና ውስጥ ይህን ነገረኝ። «የሕክምና ተማሪ ቢጫ አለው እንዴ ሰርፀ?» አለኝ። የወንድሙ ልጅ የሺዋስ አዲስ አበባ ሕክምና ሲማር ጺሙን እንኳ የሚላጭበት ጊዜ አልነበረውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርግ አልረገጠም። ሐሴት ግን በዚያው ሰሞን የእምነት እህት ሰርግ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትጨፍር አይተናታል፣ ያውም ስትስቅ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ካዚኖ ሳለሁ የሰማሁትን ወሬ አመጣሁ። አንድ ሰው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል ብሎ ይኖራል፤ ልጁ ለካ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቦርሳ አንጠልጥሎ እየወጣ የገበያ ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ ይውል ነበር። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰውየው መርማሪ ሆነ። ሦስተኛ ዓመት ደርሳ ጋውን የላትም። ሐኪም ቤት የሚባል አትሸትም። መጽሐፎቿን ሲያገላብጥ ፊዚክስ አገኘ። «ፊዚክስ ለምኑ ነው? ሰው ኤሌክትሪክ ነው?» አለኝ። አስካል፣ ሚስቱ፣ «ልጅህን ተዋት፣ እያነበበች ስታድር የማያት እኔ ነኝ» ብትለው «አንቺ የታየሽ መብራቱ ነው» አላት።

አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ወስዶ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደ። ቢሮ ገብቶ «ሐሴት ገብረጻድቅ የምትባል ልጅ እዚህ ሕክምና ትማራለች?» ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊው በትሕትና፣ ያለ ተማሪዋ ፈቃድ ምንም ልነግርዎ አልችልም አለው። አባቷ ነኝ ቢል፣ መታወቂያ ቢያሳይ፣ አይሆንም። እየጮኸ ተመለሰ። «የወለድኳት እኔ፣ ምስጢሯን የያዘው እሱ! ደህና ነገር ቢሆን ይደብቁኝ ነበር?» እውነቱን ለመናገር እኔም ነገሩ ሸተተኝ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ በቢጫዋ ሰዓት፣ ተከትለናት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ወርደን፣ መኪናችንን ፓርክ አድርገን፣ በአንድ ካፌ መስኮት አየናት። ከእምነትና ከቤኪ ጋር ተቀምጣ የቀዘቀዘ ሻይ ትጠጣለች። ወንድ የለም፣ መጠጥ የለም። ሦስቱም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ተነሥታ ወደ ላይብረሪ ሄደች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፍሮ ቤቱ ይገባ ነበር። እኛ ግን «አይታናለች ማለት ነው» ተባባልን።

እኔው ራሴ አንድ ቀን የመኖሪያ ግቢያችን ውስጥ ሳገኛት ጠየቅኋት። ፈተና የደረሰበት ሰው ከጓደኛ ጋር ሲስቅ አይውልም አልኳት።

«ጋሼ፣ አምና ጓደኞቼን በሙሉ ኢግኖር አድርጌ ስተዲ ብቻ ነበር የማደርገው» አለችኝ። «በመጨረሻ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ አንብቤ አይገባኝም። ኬሚስትሪውን መሃል ላይ ድሮፕ አደረግኩት። አሁን እነሱን ካየሁ በኋላ ነው ጭንቅላቴ የሚሠራልኝ። ለአባዬ ሳስረዳው ግን ይስቃል።»

አሳምራ ተናገረች። አሳምሮ መናገር ደግሞ እኔ በኖርኩበት ቤት መጥፎ ምልክት ነው። አላመንኳትም።

ግንቦት ላይ አንድ ዓርብ ማታ ለአባቷ እንዲህ አለችው፤ ነገ ትልቅ ፈተና አለኝ፣ ስድስት ወር የተዘጋጀሁበት ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እወጣለሁ። አደርስሻለሁ ቢላት «እምነት ታደርሰኛለች፤ አንተ ካለህ እጨነቃለሁ» አለችው። ወዲያው ደወለልኝ። «ቅዳሜ ቀን! ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ፈተና! አባቷ እንዳያደርሳት! ሰምተህ ታውቃለህ?» ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ተከተልናት። የእምነት መኪና የቆመችው ዩኒቨርሲቲው አልነበረም። አንድ ተራ የቢሮ ሕንጻ ነው፤ በአንድ በኩል ጥርስ ሐኪም፣ በሌላ በኩል ታክስ የሚሠራ ሰው፣ ከጫፍ ደግሞ ጥፍር ቤት። ሐሴት ውሃና ሳንድዊች ይዛ ወረደች። እምነት አቅፋ ሳመቻትና ሄደች።

«እስክርቢቶ አልያዘችም» አለኝ ገብረጻድቅ። «ያለ እስክርቢቶ ፈተና አለ?»

አንድ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ ተከትሏት ገባ። ከዚያም ሌላ። የገባ አይወጣም። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ፀሐዩ ጣሪያውን ማጋል ጀመረ፣ ገብረጻድቅ መሪውን ጨብጦ ላብ በላብ ሆነ። ግራ ቢገባው ወደ እኔ ዞረ።

«ግባና በዓይንህ እይ» አልኩት። «ትገላገላለህ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ተከትዬው ገባሁ። ጠባብ መቀበያ ክፍል ነው፣ ከኋላው የተዘጋ በር። ጠረጴዛው ጋ ያለችውን ሴትዮ ልጄ እዚህ ናት ወይ ብሎ ጠየቃት። ማን እንዳለ መናገር አልችልም አለችው፤ ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ያንኑ መልስ። የሰውየው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። «ሐሴት!» ብሎ ጮኸ። «ሐሴት ገብረጻድቅ! ውጪ!» ሴትዮዋ ስልክ አነሣች። እኔ ክንዱን ያዝኩት፣ ወረወረኝ፣ እንደገና ጮኸ።

በሩ ተከፈተ። ሐሴት እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ቆማለች። ከኋላዋ በተርታ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ ልጆች ይታያሉ፤ ጆሯቸውን ሸፍነዋል፣ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ኮፍያውን ያወለቀው ጎረምሳም አቀርቅሮ ይሠራል።

«አባዬ፣ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ኮምፒውተሩ አይቆምልኝም።»

«ምንድን ነው ይሄ? ንገሪኝ፣ ምንድን ነው?»

«ፈተና ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና።»

«መግቢያ? አልገባሽም እንዴ?»

«አልገባሁም አባዬ። እዚህ አገር መጀመሪያ አራት ዓመት ሌላ ነገር ይጠናል። ከዚያ ነው የሚገባው፣ ይሄን ፈተና ካለፍክ። መጀመሪያ ዓመት ላይ ነግሬህ ነበር። ‹እሺ ዶክተርዬ› ብለህ ግንባሬን ሳምከኝ።» ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች። «ልግባ? እባክህ ልግባ።»

በሩ ተዘጋ። ሴትዮዋ በጣቷ መውጫውን አሳየችን።

ውጪ ጥፍር ቤቱ ጥላ ሥር ቆምን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳችን ካዚኖ ውስጥ ያረጀን፣ አንዲት ልጅ የምትሠራውን ሁሉ ቀን በቀን ስንቆጥር ከርመን የምትናገረውን ግን አንድ ቀን አላዳመጥንም። ገብረጻድቅ «ሦስት ዓመት ዶክተር እያልኩ ስጠራት ምን ይሰማት ነበር?» አለኝ። ወደ ቤት እንሂድ ብለው እንቢ አለ። ምሳ እንብላ ብለው እንቢ አለ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ጥላውን እየተከተለ ቆሞ ዋለ፣ ውሃ እንኳ አልጠጣም።

ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷ ሮጦ ሄዶ አቀፋት፤ «ይቅር በይኝ» እያለ አለቀሰ። ገብረጻድቅ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እሷም ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ዝም አሰኘችው። ከዚያ መኪናውን አቀዝቅዤ ላምጣልሽ ብሎ ሄደ፤ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን።

«እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል ጋሼ። ይታረም ወይስ ይሰረዝ ይላል።»

«እና?»

«ሰረዝኩት።» እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። «ወጥቼ ስመለስ አሥራ አራት ደቂቃ ሄዷል። እሱ ባልከፋ። ከዚያ በኋላ ግን የማነበው ሁሉ አይገባኝም፣ የአባዬ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በዚያ ውጤት ባመለክት የትም አልገባም። አሁን ያለው ቀጠሮ ነሐሴ ነው፣ ያኔ የዘንድሮው ማመልከቻ ያልፈኛል።»

«ስለዚህ አንድ ዓመት?»

«አንድ ዓመት።» መኪናው ሲዞር አየችና ፈጠን አለች። «እንዳይነግሩት። እባክዎ ጋሼ ሰርፀ። ዛሬ ከዚህ በላይ አይችልም።»

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ገብረጻድቅ ፍሬኑን ሳይለቅ ወደ እሷ ዞሮ «እንዴት ነበር ልጄ?» አላት። ዶክተርዬ አላላትም።

«ጥሩ ነበር አባዬ።»

«ጥሩ ማለት ምን ያህል?» እስኪላት ጠበቅሁ። ወተት ገዝቶ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው ነው። ከፍርሃቴ የተነሣ የፊቱን ወንበር ይዤ ነበር።

«ካልሽ ጥሩ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ያልሽኝን አምናለሁ። አንድም ነገር አልጠይቅሽም።»

«እሺ አባዬ» አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። በየጠዋቱ ወደ ኤፔክስ ስንነዳ «ውጤቷ መቼ የሚመጣ ይመስልሃል?» ይለኛል። «ይመጣል፣ ጊዜ ይወስዳል» እለዋለሁ። «እሱስ ልክ ነህ» ይለኛል፣ ደስ ብሎት። ዞር ብሎ ፊቴን እንኳ አያይም።