እጄ እንዴት ዋለች?

ፏፏቴን በደንብ አውቃታለሁ የሚል ሰው ቢኖር ትንሽ እያጋነነ ነው። እዚህ የተጻፈውም ከአጭር ትውውቅ የተለቀመ ነው፤ የቀረውን እሷ ካልተናገረች ማን ይናገርላታል? ሥራዋ ሮኬት ማጠብ ነው። ፏፏቴ ያሏት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከውሃ ጋር እየዋለች ከአፏ አንዲት ጠብታ ስለማይወጣ።

ሮኬቱን ደግሞ «በርሜሉ» ይሉታል። ለሙከራ የተሠራ ነው። እንደ ሌሎቹ ወጥቶ የሚቀር አይደለም፤ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ በእግሮቹ ቆሞ፣ ታጥቦና ተጠግኖ እንደገና እንዲነሳ የታሰበ ነው። በመጀመሪያው በረራ ቀስ ብሎ ከመሬት ተላቀቀ፤ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፤ እዚያ ትንሽ ቆመና፣ ቁልፉን ረስቶ እንደወጣ ሰው ተመልሶ ወረደ። ከታች እስከ ወገቡ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ሠራተኞቹ በየተራ መዳፋቸውን ጥላሸቱ ላይ አሳረፉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። መዳፍ ያረፈበት ቦታ ጥላሸቱ እየተነሳ ብረቱ አበራ፤ በርሜሉም በብዙ እጅ የታቀፈ መሰለ።

ስንጥቅ ፈላጊዋ ያንን ቀን አላየችውም። የመጣችው ለሁለተኛው በረራ ዝግጅት ሲጀመር ነው። ዐይን አፋር ወጣት ናት፤ ሥራዋ የብየዳ መስመሮችን መመርመር ነው። የታጠበ ብረት ላይ ቀይ ቀለም ትቀባለች፤ ትቆይና ትጠርገዋለች፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት ትነፋበታለች። ዐይን የማያየው ስንጥቅ ካለ፣ የገባበትን ቀይ ቀለም መልሶ እየተፋ በነጩ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

«ብቻ ትዳሬን እንዳትቀቢብኝ» አላት የክሬኑ ሾፌር ገና በመጀመሪያው ቀን። «ድፍን ቀይ ነው የሚሆነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፏፏቴ ብቻ መሰላሏ ላይ ሆና ስፖንጇን ጨመቀች።

አስተጣጠቧ ከታች ወደ ላይ ነበር። ከላይ ከጀመሩ የሚወርደው ጥቁር ውሃ በደረቀው ብረት ላይ መስመር እየሠራ ይቀራል፤ ከታች ሲጀመር ግን የሚወርደው በረጠበ ላይ ስለሚሄድ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት በአዳራሹ ከፍ ያሉ መስኮቶች ብርሃን ሲገባ፣ ከብረቱ የሚነሳው እርጥበት እንደ ጭስ ይንሳፈፋል፤ በርሜሉም እግሩ ከወለሉ የተነሳ ይመስላል። ስንጥቅ ፈላጊዋ አንዳንዴ ሥራዋን ረስታ ትቆማለች። የጫማዋን ጫፍ ታያለች፤ እሷም የተነሳች እየመሰላት።

እጆቹ ሁሉ አንድ በአንድ ታጥበው ሄዱ። አንዷ ቀረች። በሰው ቁመት ላይ፣ በትንሽ የጥላሸት መስኮት መካከል፣ ሰፊ መዳፍና የተዘረጉ አምስት ጣቶች። ዙሪያዋ ሁሉ እንደ መስታወት ያበራል። በጣቶቹ መካከል ደግሞ የብየዳ መስመር ያልፋል።

«ይህቺስ?» ብላ ስንጥቅ ፈላጊዋ የክሬኑን ሾፌር ጠየቀችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአስታራቂው እጅ ናት።»

አስታራቂው የፏፏቴ ባል ነው። በያጅ ነበር፤ ብረትን ከብረት ሲያስታርቅ ስለኖረ ነው እንዲያ ያሉት። በርሜሉ ተመልሶ በቆመ ማግስት ስትሮክ መታው። ዳነ፣ ግን ቀኝ ጎኑ አልተመለሰም። ብረቱ ላይ ያለችው እጅ፣ ቀኝ እጁ ደህና በነበረችበት ቀን የተወቻት የመጨረሻ ምልክት ናት።

«እንግዲህ መስመሩ ሳይመረመር መብረር አይቻልም» አለች ስንጥቅ ፈላጊዋ።

«አይቻልም። አንቺ ንገሪያታ!»

አለቃው ጋም ሄደች። አለቃው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ትክክል ነሽ» አላት። «መታጠብ አለበት። እኔ ግን… እስቲ አንቺ በዘዴ አድርጊው።» ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል የሚያዘው ሰውዬ ለዚህች አንዲት ቃል አፍ አጣ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በአጠገቧ ያልፋል፤ የበረራው ቀን ግን እየቀረበ ነበር።

ስንጥቅ ፈላጊዋ በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ ላይ ፏፏቴን በሩ ላይ ጠበቀቻት። የምትለውን በልቧ ስትደጋግም ውላለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር…»

ፏፏቴ ፊቷን አየቻት። «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለች። ከመጣች ጀምሮ ከእሷ የሰማችው ረጅሙ ንግግር ይኸ ነበር።

ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ከመስኮቱ አጠገብ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ትከሻው በር የሚያክል ሰውዬ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድማለች፤ የሌላ ሰው አደራ የተቀመጠች ትመስላለች። ፏፏቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቃት።

«እጄ እንዴት ዋለች?»

«ቆማ ዋለች።»

«ማንም አልነካብኝም?»

«ማንም።»

ስንጥቅ ፈላጊዋ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ» አላት ሰውዬው። ቃላቱን ቀስ እያለ፣ ክብደታቸውን እየመዘነ ነው የሚያወጣቸው። «በግራዬ ስለጨበጥኩሽ ይቅርታ። ሰነፍ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በቀኜ ትከሻ ስትኖር፣ አሁን ሥራ ያዢ ስትባል ታለቅሳለች። ለመሆኑ አንቺ እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ፏፏቴ ቀደመቻት። «ቀለም ትቀባለች።»

«ጎሽ! እጄ ላይ ብቻ እንዳትቀቢ።»

ሻይ መጣ። ሰውዬው በግራ እጁ ብርጭቆውን ከንፈሩ ድረስ አድርሶ ጥቂቱን ደረቱ ላይ አፈሰሰ፤ ፏፏቴም በመዳፏ ጠረገችለት። ወሬው በርሜሉ ላይ ሄደ።

«ያንን መስመር የበየድኩት ትንፋሼን ይዤ ነው» አለ። «እሱ ከተሰነጠቀ፣ ሰውዬው በያጅ አልነበረም በዪ። ለዚህ ነው እጄን እዚያ ያሳረፍኩት። ሌላው የትም አሳረፈ፤ እኔ ሥራዬ ላይ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አሁን ስተኛ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ይህቺኛዋ አልጋ ላይ ትቀራለች፣ ያቺኛዋ ትወጣለች። ቀስ ብላ። ድምፅ የላትም። ከላይ ሆና ጣሪያችንን ታያለች፤ ዝገቱን ሳይቀር። ጠዋት ስነቃ ክንዴን ይበርደኛል። ነፋስ ላይ እንዳደረ ሰው።»

«ጣሪያውን አስጠግን ካለችህማ ከእኔ ጋር ተማክራለች» አለች ፏፏቴ።

ሰውዬው በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «ከመመታቴ በፊት ራሴን ያመኝ ነበር» አለ። «ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል፣ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።»

ፏፏቴ ባዶውን ብርጭቆ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ብርጭቆ ለማጠብ ከሚፈጀው በላይ ቆየች።

ልጅቷን እስከ ደጅ ሸኘቻት። ፀሐይ ጠልቃ የመንገዱ መብራቶች ገና እየበሩ ነበር። ጎረቤት የተሰጣ ልብስ ያነሳል።

«እጁን እጠቢው ልትዪኝ ነው የመጣሽው» አለች ፏፏቴ።

«አላልኩም እኮ፣ እትዬ።»

«አላልሽም። ካልታጠበ ምን ይሆናል?»

«ምናልባት ምንም።» ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ምናልባት ደግሞ እዚያ ጋ ይቀደዳል። ከተቀደደ አይመለስም፤ ይወድቃል።»

«ከነእጁ?»

«ከነእጃቸው።»

ፏፏቴ ራሷን ነቀነቀች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በማግስቱ ጉም ነበር። አዳራሹ በሩ ተከፍቶ ስላደረ ጉሙ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ በርሜሉ የቆመበት አይታይም፣ ወገቡ ብቻ ነጭ ላይ ተንሳፍፏል። ስንጥቅ ፈላጊዋ የቀለም ዕቃዋን ይዛ ስትገባ ቀድማ የገባች ሰው እንዳለች አየች።

ፏፏቴ ከበርሜሉ ፊት ቆማለች። መዳፏን በባሏ መዳፍ ላይ አድርጋለች። የእሷ ትንሽ ነበረች፤ ከእሱ ጣቶች ግማሽ ላይ ቀረች። እንዲያ ሆና ቆየች። ጉሙ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ልጅቷ ሕልም እንዳይሰበርባት የፈራች ይመስል ዕቃዋን ሳታስቀምጥ እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ፏፏቴ ስፖንጁን አነሳች። እንደ ወትሮዋ ከታች ጀመረች። አንጓው ሄደ። መዳፉ ሄደ። አውራ ጣቱ ሄደ። ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የጣቶቹ ጫፎች መጨረሻ ላይ ቀሩ፤ አራት ነጠብጣብ ብርሃን፣ እነሱም ከዙሪያቸው ካለው ጥላሸት ጋር በውሃው ወርደው ከጉሙ ገቡ።

«ይኸው» አለች። «ታጠበ።»

ስንጥቅ ፈላጊዋ ቀለሙን ቀባች። ቀለሙ እስኪሠራ ሁለቱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቷ በልቧ ትለምን ነበር፤ ምንም እንዳይገኝ። በሥራዋ እንዲህ ስትመኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጠረገችው። ነጩን ዱቄት ነፋች። መብራቷን አስጠጋች።

ነጩ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ ትንሿ ጣት የነበረችበት ቦታ ላይ፣ ብየዳው ውስጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ቀስ ብላ ወጣች።

ልጅቷ መብራቱን ማጥፋት አሰኛት። አላጠፋችውም።

አለቃው ተጠርቶ መጣ፤ የክሬኑ ሾፌርም ተከትሎት መጣ። አለቃው መስመሯን አየ፤ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ነዳጅ ስንሞላው፣ ብረቱ በቅዝቃዜ ሲኮማተር እዚህ ጋ ይከፈት ነበር» አለ። «ተፍቆ እንደገና ይበየዳል። ሁለት ቀን ነው፤ እንበራለን።» ወደ ፏፏቴ ዞረ። «አዳንሽልን።»

የክሬኑ ሾፌር ቀልድ ፈልጎ አጣ። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ወንዶቹ ሄዱ። ቦታውን ሌላ በያጅ ሊፍቀው ነው፤ ፍቆም የራሱን መስመር ያስገባበታል። ከዚያ በኋላ አስታራቂው እዚያ ቦታ ላይ የእጁ ምልክትም ብየዳም አይኖረውም። በርሜሉ ግን ይነሳል፤ ከዛፎቹም በላይ ይወጣል። ጉሙ እየሳሳ ነበር፤ እግሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«እትዬ» አለች ስንጥቅ ፈላጊዋ። «ዛሬ ማታ፣ እጄ እንዴት ዋለች ሲሉዎት… ምን ይሏቸዋል?»

ፏፏቴ ስፖንጁን ጨመቀች። የመጨረሻው ጥቁር ውሃ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ልጅቷን አየቻት፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም። ከዚያ የውሃውን ጎማ ከፈተችና፣ ቀይና ነጭ የሆነውን ብረት፣ ከታች ጀምራ፣ ማጠብ ቀጠለች።